ድንጋይ ሁሉ ስም አለው

ሽማግሌዎች የጥንት ወሬ ሲጀምሩ «ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን» ይላሉ። ነገሩ በጣም የቆየ ነው ለማለት ነው። ቶሎ የማይገባውን ሰው ደግሞ «ይህ ድንጋይ ራስ!» ብለን እንሰድባለን። ግን ድንጋይ የሚናቅ ነገር አይደለም። ለሚያውቀው ሰው ድንጋይ ብዙ ይናገራል። አያቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ለየድንጋዩ ስም አውጥተዋል።

ዛሬ እነዚህን ስሞች አንድ ባንድ እናነባለን። በቤት፣ በማሳ፣ በተራራና በተቀደሰ ቦታ ያሉትን ድንጋዮች እናያለን። መጀመሪያ ግን አንድ ምሳሌ እንስማ።

አንድ ገበሬ ክረምት ሳይገባ የማሳውን ካብ ለመጠገን ተነሣ እንበል። ድንጋይ አነሰው። ከማሳው በላይ አንድ ጉብታ አለ። በጉብታው ላይ ረጃጅም ድንጋዮች ቆመዋል። ገበሬው ዲጂኖውን ይዞ ወጣ። አንዱን ድንጋይ ከሥሩ መፈንቀል ሲጀምር፣ ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ደረሱ።

«ልጄ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አሉት።

«ለካብ የሚሆን ድንጋይ ፈልጌ ነው፣ አባቴ።»

«ይኼ ድንጋይ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

«ድንጋይ ነዋ! ድንጋይ ደግሞ ምን ስም አለው?»

«ስም ባይኖረውማ እስከ ዛሬ መች ቆሞ ታገኘው ነበር?» አሉት።

ገበሬው ዲጂኖውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አዛውንቱ ምን እንደ ነገሩት ኋላ እናያለን። አሁን ከቤታችን እንነሣ።

በቤት ያሉ ድንጋዮች

በቤታችን የመጀመሪያው ድንጋይ ጉልቻ ነው። ጉልቻ ሦስት ነው። ድስት በሁለት ድንጋይ ላይ አይቆምም። ወንድና ሴት ተጋብተው ቤት ሲይዙ «ሦስት ጉልቻ መሠረቱ» እንላለን። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚል ተረትም አለን። ከምድጃ ድንጋይ ትዳርም ተረትም ወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወፍጮ ነው። የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ አለው። ከታች ያለው ትልቁ ወፍጮ ይባላል። በእጅ የሚገፋው ትንሹ መጅ ይባላል። ለወፍጮ የሚመረጠው ሸካራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በጥንት ዘመን ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው። ቀልጦ ሲወጣ በውስጡ አየር ነበረበት። ድንጋዩ ሲበርድ አየሩ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው እንዲሁ ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲሰጣ አየሩ እየወጣ ዓይን ይሠራል።

እናቶች እንደሚያውቁት ወፍጮ ሲቆይ ይለሰልሳል። እህሉን አይዝም። ያን ጊዜ ይወቀራል። መውቀር ማለት በሹል ነገር ደጋግሞ እየመቱ ማሻከር ነው። የሞተር ወፍጮ ድንጋይም ይወቀራል። «ወቀረ» የሚለውን ቃል አስታውሱት። በኋላ በሌላ ቦታ እናገኘዋለን።

ሦስተኛው ባልጩት ነው። ባልጩት እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። እሱም ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ነው። ግን በጣም በፍጥነት ስለ በረደ እንደ መስታወት ሆነ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች ባልጩት ሲጠቀሙ ኖረዋል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ መልካ ቁንጡሬ የሚባል ቦታ አለ። ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ አካባቢ በባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር። በአጠገቡ ያለው ቦታ ስሙ ባልጭት ነው። ስሙ የመጣው ከድንጋዩ ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዘገቡ። የዓለም ቅርስ ማለት የዓለም ሕዝብ ሁሉ ሊጠብቀው የሚገባ ሀብት ማለት ነው።

ግድግዳ የምንቀባበት ኖራም ከድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። ሲሚንቶም የሚሠራው ከዚሁ ድንጋይ ነው። ጀሶም የራሱ ድንጋይ አለው። ጨው እንኳ ድንጋይ ይሆናል። በአፋር በረሃ ሠራተኞች ጨውን ከመሬት እየፈነቀሉ በልኩ ይጠርቡታል። ተጠርቦ የወጣው አሞሌ ይባላል። ድሮ አሞሌ እንደ ገንዘብ ሆኖ በገበያ ይሠራበት ነበር።

በማሳ ያሉ ድንጋዮች

አሁን ከቤት ወደ ማሳ እንውጣ። ትንሹ ድንጋይ ጠጠር ነው። ከጠጠር ከፍ የሚለው ኮረት ነው። አፈሩ ስስ ሆኖ ድንጋይ የበዛበት መሬት ጭንጫ ይባላል። «ማሳዬ ጭንጫ ሆነ» ያለ ገበሬ አፈሩ በጎርፍ እንደ ሄደበት እየተናገረ ነው። ይህ ስም ማስጠንቀቂያ ነው።

መድኃኒቱም ራሱ ድንጋይ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደረደር ካብ ይሆናል። ካብ በተዳፋት መሬት ላይ ደረጃ በደረጃ ሲሠራ እርከን ይሆናል። እርከን የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል። አፈሩ ከካቡ ሥር ይቀራል። ውሃውም ወደ መሬት ይሰርጋል።

በዚህ ሥራ የኮንሶ ሕዝብ የታወቀ ነው። ኮንሶ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኝ ደረቅና ድንጋያማ አገር ነው። ሕዝቡ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ እየካበ ተራራውን ማሳ አድርጎታል። መንደሮቹም በድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። አዲስ ትውልድ ለአቅመ ኃላፊነት ሲደርስ በመንደሩ አደባባይ ድንጋይ ይተክላል። የተተከሉትን ድንጋዮች የቆጠረ ሰው ስንት ትውልድ እንዳለፈ ያውቃል። ድንጋዩ ለኮንሶ እንደ ደብተር ነው። የኮንሶ እርከንና መንደሮች በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

በማሳ ላይ አንድ የተከበረ ድንጋይ አለ። እሱም የወሰን ድንጋይ ነው። ዛሬ የመሬት ይዞታ ደብተር ቢኖርም የወሰን ድንጋይ ዋጋው አልቀነሰም። የወሰን ድንጋይ የገፋ ሰው ጎረቤቱን ገፋ። በአንድ ድንጋይ የተነሣ ስንት ሰው ተጣልቷል! ስለዚህ ወሰን ሲተከል ምስክር መጥራት፣ ስንት ድንጋይ የት እንደ ተተከለ በደብተር መጻፍ ይገባል።

አለት፣ ቋጥኝና ገደል

ከማሳው በላይ ተራራው አለ። ከመሬት ጋር አንድ ሆኖ የተያያዘ ድንጋይ አለት ይባላል። አለት አይነሣም። ከአለት ተገንጥሎ የቀረ ትልቅ ድንጋይ ቋጥኝ ይባላል። ቋጥኝን ሰው አያነሣውም፤ ክረምት ግን ሊያንከባልለው ይችላል። ቀጥ ብሎ የወረደ አለት ገደል ነው። የገደሉ ጫፍ አፋፍ ይባላል።

የአገራችን ደጋ ከምን ተሠራ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ ወጣ። እየደጋገመ ፈሰሰ። እንደ ተነባበረ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተኛ። ጥቁሩ ድንጋይ ይህ ነው። በዘመናችንም በአፋር በኤርታ አሌ ተራራ የቀለጠ ድንጋይ ታይቷል።

ይህን መደብ ለማየት የሚመቸው የዓባይ ሸለቆ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ግራና ቀኙን ይመልከት። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ የጀሶ ድንጋይ አለ። ከታች ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የታችኛው የቆየው ነው፤ የላይኛው የኋለኛው ነው። የኖራ ድንጋዩ በጥንት ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው። ዛሬ ባሕር በሌለበት አገር በድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅርፊት የሚገኘው ስለዚህ ነው።

አምባ

ከላይ ያለው ድንጋይ ጠንካራ፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ለስላሳ ሲሆን ውሃ ዙሪያውን እየቦረቦረ ይወስደዋል። መካከሉ ግን ይቀራል። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ይሆናል። ይህ አምባ ይባላል።

አምባ መሸሸጊያ ነው። ጠላት በቀላሉ አይወጣበትም። ስለዚህ የአገራችን ታሪክ በአምባ የተሞላ ነው። በወሎ ግሸን አምባ አለ። ቅርጹ እንደ መስቀል ነው። ድሮ የንጉሥ ልጆች በዚያ ላይ ይታሰሩ ነበር። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ለበዓል ይወጣበታል። ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱት በመቅደላ አምባ ላይ ነው። በትግራይ ደብረ ዳሞ አለ። ወደ ገዳሙ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። ሴቶች አይወጡበትም።

ከጊዜ በኋላ «አምባ» ማለት መኖሪያ መንደር ማለትም ሆነ። በ1970ዎቹ ዓመታት ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉበት ቦታ «ሕፃናት አምባ» ይባል ነበር። ከገደል የወጣ ቃል ለልጆች ቤት ስም ሆነ። ሁለቱም መጠጊያ ናቸውና።

ናዳ

አሁን አንድ የሚያስፈራ ቃል እናንብብ። ናዳ ይባላል። ናዳ ማለት ከተራራ ተገምሶ የሚወርድ አፈርና ድንጋይ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ናዳ ወረደ። መጀመሪያ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያድን ሮጠ። ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛ ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ወገናቸውን ለማዳን የሄዱ ነበሩ።

ስለዚህ የናዳን ምልክት እንወቅ።

1. በተዳፋት መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፤
2. ዛፍ ወይም አጥር ያለ ነፋስ ካዘነበለ፤
3. የምንጭ ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ወይም አዲስ ምንጭ ከፈለቀ፤
4. ከላይ ጠጠርና ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ፣ ቦታውን ቶሎ ለቆ መውጣት ያስፈልጋል።

ናዳ በወረደበት ቦታም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው አይግባ። ከላይ የሚመለከት ሰው ይቁም። ዝናቡ ካላባራ ናዳው ሊደገም ይችላል። ሽማግሌዎች አንድን ቦታ «ናዳ» ብለው ከጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን የሆነ ነገር አይተዋል፤ ወይም ሰምተዋል። በዚያ ቦታ ቤት ከመሥራታችን በፊት እንጠይቃቸው።

ደብር፣ ገዳም፣ አድባር

ሰው ተራራን ይፈራል፤ ያከብራልም። ስለዚህ ብዙ የተቀደሱ ቦታዎች ስማቸው ከተራራና ከድንጋይ የወጣ ነው።

«ደብር» በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። ደብረ ሲና የሲና ተራራ ማለት ነው። ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ ነው። ደብረ ዘይት የወይራ ዘይት ተራራ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ በከፍታ ላይ ይሠሩ ስለ ነበር ቤተ ክርስቲያኑም ደብር ተባለ። «ገዳም» በግዕዝ ሰው የማይኖርበት ዱር ማለት ነው። መነኮሳት ወደ ዱር ስለሚሄዱ መኖሪያቸው ገዳም ተባለ።

«አድባር» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። የአድባር ዛፍ እንላለን። አድባር በግዕዝ የደብር ብዙ ቁጥር ነው። «ተራሮች» ማለት ነው። በገጠር ግን አድባር ማለት የአገሩ ጠባቂ፣ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት የተከበረ ቦታ ሆነ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዛፍ አይቆረጥም፤ ድንጋይም አይነሣም። በኦሮሞ ባህል ደግሞ የኢሬቻ ምስጋና በመልካና በቱሉ ይደረጋል። መልካ የውሃ ዳር ነው፤ ቱሉ ተራራ ነው።

በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሌላም ድንጋይ አለ። እሱም የድንጋይ ደወል ነው። ረዘም ያለ ስስ ድንጋይ በገመድ ይንጠለጠላል። በትንሽ ድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። በጣና ሐይቅ ገዳማት ይህ ደወል ይገኛል። ድንጋይ ሁሉ ግን አይጮኽም። ውስጡ ስንጥቅ የሌለበት ጠንካራ ድንጋይ ተፈልጎ ይመረጣል።

ውቅር

አሁን «ወቀረ» ወደሚለው ቃል እንመለስ። እናት ወፍጮዋን ትወቅራለች ብለን ነበር። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያንም «ውቅር» ይባላል። ቃሉ አንድ ነው። በትግራይ ያለችው የውቅሮ ከተማም በዚህ ቃል ትጠራለች። በአጠገቧ ከአለት የተወቀረ የጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ከውቅሮች ሁሉ የታወቀው ላሊበላ ነው። በዚያ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የተሠሩት በንጉሥ ላሊበላ እንደ ሆነ ይነገራል። ንጉሡ የነገሡት ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቤት ሲሠራ ከታች ወደ ላይ ነው። የላሊበላ ሠራተኞች ግን ከላይ ወደ ታች ሠሩ። መጀመሪያ ዙሪያውን ቆፈሩ። መካከል አንድ ትልቅ አለት ቀረ። ያንን ጠርበው ጣራ አወጡ። ከዚያ ውስጡን ፈለፈሉ። መስኮትና ምሰሶ አበጁለት። ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ የተወቀረው እንዲህ ነው። በግንብ ሥራ የተሳሳተ ድንጋይ ተነሥቶ ሌላ ይገባል። በውቅር ሥራ ግን በስሕተት የተቆረጠ አይመለስም።

የላሊበላ ድንጋይ ቀላ ያለ ነው። ለመጥረብ አያስቸግርም። ይህ ለሠራተኞቹ ጥሩ ነበር። ለዘመን ግን ጉዳት አለው። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይገባል። ድንጋዩን ያበሰብሳል፤ ስንጥቁንም ያሰፋል። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ ላይ ከዝናብ የሚከልል ትልቅ ጣራ ተሠራ። ድንጋይም ያረጃል። ጠባቂ ይፈልጋል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1970 ዓ.ም. ነው።

ዋሻ

ሰው ያልወቀረው፣ ውሃ የወቀረው ደግሞ ዋሻ ነው። በባሌ ሶፍ ዑመር የሚባል ዋሻ አለ። የወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የዋሻው መንገዶች ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በውሃ ቀስ እያለ ይሟሟል። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ወንዙ አዳራሽና ምሰሶ ሠራ።

ዋሻው ስሙን ያገኘው በዚያ ተጠግተው ከኖሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው። ሙስሊሞች ቦታውን ያከብሩታል። ለዝያራም ይሄዳሉ። በዚያው በባሌ የድሬ ሼህ ሑሴን መካነ መቃብርም አለ። ከሩቅ አገር ሰዎች ጫፉ የተሰነጠቀ በትር ይዘው በእግር ይመጡ ነበር። ክርስቲያንም ሙስሊምም ጸጥታ ሲፈልግ ወደ ድንጋይ ተጠግቷል። በላስታ የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራውም በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው።

ሐውልትና ትክል ድንጋይ

ሰው ለመታሰቢያ የሚያቆመው ድንጋይ ሐውልት ነው። የአክሱም ሐውልቶች ከአንድ አንድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ትልቁ 33 ሜትር ይረዝማል። ወድቆ ተሰባብሯል። ሌላው 24 ሜትር ያህል ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ወደ ሮማ ወሰዱት። ከ60 ዓመት በላይ በሰው አገር ቆመ። ሕዝባችን «ሐውልታችን ይመለስ» እያለ ሲጠይቅ ኖረ። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በቦታው ቆመ። «ድንጋይ ነው» ብሎ የተወው ሰው የለም።

ካለ ብዙ ጥርብ ሥራ የቆመው ትክል ድንጋይ ይባላል። አንዳንዱ ምልክት ተቀርጾበታል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በጉራጌ አገር ጢያ የሚባል ቦታ 36 ድንጋዮች አሉ። 32ቱ ቅርጽ አላቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ግን አጥኚዎች ከሥራቸው ሲቆፍሩ መቃብር አገኙ። መቃብሮቹ ከግራኝ ዘመን በፊት የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ስም ሁሉ እንዳለ አይታመንም። ስም መነሻ ነው። ከስም ቀጥሎ መጠየቅና መመርመር ይመጣል። በጌዴኦም እጅግ ብዙ ትክል ድንጋዮች አሉ። ጢያ በ1972 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ገበሬውና አዛውንቱ

አሁን ወደ ምሳሌአችን እንመለስ። ገበሬው ዲጂኖውን አስቀምጧል። አዛውንቱ በድንጋዩ ጥላ ተቀመጡ።

«ይኼ ትክል ድንጋይ ነው» አሉት። «ከሥሩ ሰው አለ ሲባል ሰምተን አደግን። በዚህ አጠገብ አናርስም ነበር።»

«ማን ነው የተቀበረው፣ አባቴ?»

አዛውንቱ ዝም አሉ። ቆይተው «አባቴ ያውቁ ነበር» አሉ። «የአንዱን ድንጋይ የራሱን ስም፣ የአንዱን ደግሞ ታሪኩን ሲያወሩ እሰማ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ። ከብት ላይ ነበር ልቤ። አልጠየቅኋቸውም። አሁን እሳቸውም የሉ። የሦስቱን ብቻ አውቃለሁ።»

«እኔ እኮ አሁን መጻፍ እችላለሁ» አለ ገበሬው። «የሦስቱን ይንገሩኝ።»

በማግሥቱ ደብተርና እርሳስ ይዞ መጣ። አዛውንቱ ነገሩት። እሱም ጻፈ። ለካቡ የሚሆነውን ድንጋይ ከወንዙ ዳር አመጣ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን! ይህ ገበሬ በየቀበሌው አለ። አዛውንቱም አሉ። ግን አዛውንት ሁልጊዜ አይኖሩም። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው ስም አብሮ ይቀበራል። እናንተ ደግሞ ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እናድርግ።

1. ቅርጽ ያለበትን፣ የቆመውን ወይም በመቃብር ላይ ያለውን ድንጋይ ለካብ፣ ለቤት ወይም ለመንገድ አንውሰድ።

2. ስናርስ ወይም ስንቆፍር ጥንታዊ ነገር ካገኘን አንንካው። በወረዳችን ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት እናስታውቅ። ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል።

3. የሌላ ሃይማኖት የተቀደሰ ቦታም ቢሆን እንደ ራሳችን እንጠብቀው። ዛሬ የጎረቤታችን ድንጋይ ከተነሣ ነገ የእኛም ይነሣል።

4. ናዳ የሚያሰጋውን ቦታ ለልጆቻችን በስሙ እናሳያቸው።

ልምምድ

በደብተራችሁ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ጽፋችሁ መልሱ።

ሀ. በመንደራችሁ ያለው ትልቁ ቋጥኝ ስሙ ምን ይባላል? ስሙን ማን አወጣለት?

ለ. በአካባቢያችሁ አምባ፣ ዋሻ ወይም ትክል ድንጋይ አለ? ስለሱ ምን ይወራል?

ሐ. የማሳችሁ ወሰን ድንጋዮች ስንት ናቸው? የትኛው የት አለ?

መልሱን የማታውቁት ካለ አትፈሩ። ዛሬ ማታ ወደ አንድ ሽማግሌ ወይም ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ሂዱ። «ስለ ድንጋዩ ይንገሩኝ» በሏቸው። ደብተሩንም መያዝ አትርሱ።